ቅዳሜ መጥተው በ4ኛው ሳምንት የሚጠፉ ወጣቶች፦ ምን እናስተካክል? (ጅማ)

የቅዳሜ አስተባባሪ

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ ቅዱሳን። ጅማ ላይ በወጣቶች አምልኮ የምታገለግሉ ካላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ፕሮግራሙ ቅዳሜ ከ8፡30 እስከ 11፡30 ነው። አዳራሹ 300 ሰው ይይዛል፤ የሚመጣው ከ50 እስከ 70 ነው። ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን የቀረው የከተማው ልጅ፣ ከዳውሮ፣ ከከፋና ከወላይታ ለሥራ የመጣ፣ ጥቂት ደግሞ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ዝማሬው ደማቅ ነው፣ ቃሉም ይሰበካል። ግን አዲስ ሰው ኋላ ይቀመጣል፣ ቡራኬ እንደተሰጠ ይወጣል፣ 3ኛ ወይም 4ኛ ሳምንት ላይ አይታይም። ሲደወልለት «በጣም ደስ ብሎኝ ነበር» ይላል እንጂ አይመለስም። አንዳንዱ ሳውንድ ሲስተም እንቀይር ይላል፣ አንዳንዱ ኮንፈረንስ እናዘጋጅ ይላል። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምኑን እንፈትሽ? በተግባር የሚሠራውን ንገሩን።

በር ላይ ያለች

ወንድሜ ሰላም። ኮንፈረንሱንም ሳውንዱንም ለጊዜው አቆዩትና መጀመሪያ ወንበሩን እዩ። 300 ሰው በሚይዝ አዳራሽ 60 ሰው ሲበተን ሁሉም ለየብቻው ነው የሚያመልከው። አዲሱ ልጅ የኋላውን ጥግ የሚይዘው ዓይን አፋር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያ ጥግ ባዶውን ስለጠበቀው ነው። 60 ሰው የምትጠብቁ ከሆነ 50 ወንበር ብቻ ዘርጉ። ሌላ 20 በር አጠገብ ደርባችሁ አቆዩና ሰው ሲበዛ አውጡ። አቀማመጡ በግማሽ ክብ ይሁን፣ አንዱ መደዳ ከ6 ወንበር አይብለጥ፣ መሃሉን ሜትር ተኩል ያህል ክፈቱት። መደዳው ሲረዝም ዘግይቶ የመጣ ሰው የብዙ ሰው ጉልበት እያሻሸ ማለፍ ስለሚኖርበት ያፍርና ኋላ ይቀራል። የማይነሳ አግዳሚ ከሆነ የኋላዎቹን መደዳዎች በገመድ ዝጉ።

በር ላይ 2 ሰው ይበቃል፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት። 6 ሰው ተሰልፎ እጅ ሲጨብጥ ሰርግ ይመስላል፤ ብቻውን የመጣ ልጅ ደግሞ ይደነግጣል። የቀሩት 4 አስተናጋጆች ውስጥ ተበታትነው ይቀመጡና እያንዳንዳቸው በቀኛቸው አንድ ወንበር ባዶ ይተዉ። በር ላይ ያለው ሰው አዲሱን ልጅ ስሙን ጠይቆ ይወስደውና «ይሄ እገሌ ነው፣ አብራችሁ ተቀመጡ» ብሎ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ጎረቤቱ ሦስት ነገር ብቻ ይወቅ፦ ስሙን፣ የሚኖርበትን ሰፈር ወይም ካምፓስ፣ ማታ ወደዚያ አቅጣጫ አብሮት የሚሄድ ሰው እንዳለ። «ድነሃል ወይ? የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ? አገርህ የት ነው?» የሚሉት በመጀመሪያው ቀን አይጠየቁም። ይህንን ለአስተናጋጆቹ አስረግጣችሁ ንገሯቸው፤ በቅንነት ነው የሚጠይቁት፣ ሰሚው ግን እንደ ምርመራ ነው የሚሰማው።

ትልቁ ጉዳይ ከቡራኬ በኋላ ያለው 30 ደቂቃ ነው። 11፡30 ላይ ከጨረሳችሁ ተማሪው ወደ ዶርም፣ ሴቶቹ ሳይመሽ ወደ ባጃጅ ይሮጣሉ። ስለዚህ 11፡00 ላይ ጨርሱና እስከ 11፡30 ሻይ ይሁን። ስብከቱን 10 ደቂቃ፣ ማስታወቂያውን 10 ደቂቃ፣ ዝማሬውን 10 ደቂቃ ብትቀንሱ ይገኛል። ማስታወቂያ በወረቀት ሊለጠፍ ይችላል፤ ሰው ከሰው ጋር የሚተዋወቀው ግን በአካል ብቻ ነው።

ለ60 ሰው የሻይ ልክ ይኸው። አንድ ብርጭቆ 120 ሚሊ ሊትር ቢይዝ 7 ሊትር ከትንሽ ነው፤ ድጋሚ ለሚፈልግና ለሚተነው አስባችሁ 9 ሊትር አፍሉ። ሻይ ቅጠል 80 ግራም ያህል፣ ስኳር ከ600 እስከ 700 ግራም፣ ቀረፋ 4 ወይም 5 ስባሪ፣ ቅርንፉድ 20 ፍሬ። ስኳሩን አስቀድማችሁ ድስቱ ውስጥ ጨምሩት፤ 60 ሰው በአንድ ማንኪያ ስኳር ሲያማስል 30ው ደቂቃ ያልቃል። ስኳር ለማይጠጣ 1 ሊትር ለብቻ አስቀሩ። ቆሎ 3 ኪሎ ይበቃል። ከቡራኬው 10 ደቂቃ በፊት 40 ብርጭቆ ተቀድቶ መውጫው በር አጠገብ ይቀመጥ፣ የቀረው ለመጨረሻዎቹ ይቀዳል። ሌላ ክፍል ውስጥ ከሆነ የሚገባው ነባሩ ብቻ ነው።

ሻይ እያለም ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ አገልጋዮቹ ብርጭቆ ይይዙና እርስ በርስ ስለሚቀጥለው ልምምድ ያወራሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ማንም አገልጋይ ከአገልጋይ ጋር አያውራ የሚል ስምምነት ይኑራችሁ።

ሽማግሌ

ልጆቼ ጌታ ይባርካችሁ። እህታችን የጻፈችው ደግ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዲስ የመጣን ሰው አስነስቶ በእልልታ መቀበል የቆየ ልማዳችን ነው፤ እሱን አትጣሉት። ቤቱ የገባን እንግዳ ዝም ብሎ ማሳለፍ በእኛ አገር ነውር ነው።

በር ላይ ያለች

ጋሼ፣ እንግዳ ተቀባይነቱ ይቅር አላልኩም፤ እውነትዎን ነው፣ ዝም ብሎ ማሳለፍ ነውር ነው። ነገር ግን ጅማ ላይ ቤተሰቡ ሌላ እምነት የሚከተል ልጅ ሊመጣ ይችላል። እሱን በ60 ሰው ፊት ማስነሳት ከእልልታ ያለፈ ነገር አለው፤ የሰፈሩ ሰው ያየዋል፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ እልልታውን ለሁሉም እናድርገው። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ 2 ደቂቃ ሙሉ አዳራሹ አጠገቡ ያለውን በስም ሰላም ይበል፣ እልልታውም ያኔ ይቅለጥ። በስም ማስተዋወቁ 3ኛው ሳምንት ላይ፣ ልጁ ተጠይቆ እሺ ሲል ይሁን። እርስዎ ቢያስተዋውቁት ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

ሽማግሌ

ተጠይቆ እሺ ካለ እኔም ተስማምቻለሁ። ጸልዬ አስተዋውቀዋለሁ።

የሚክሰር ሰው

ሳውንድ ስለመቀየር የተነሳውን ልመልስ። ያላችሁን መሣሪያ በትክክል ሳትጠቀሙበት አዲስ ብትገዙ ያው ችግር ጮክ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ይህንን ሙከራ አድርጉ፦ መዝሙሩ በደመቀበት ሰዓት 4ኛው መደዳ መሃል ቁሙ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲዘምር ድምፁ ይሰማችኋል? ካልተሰማ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር አፉን ይዘጋና ተመልካች ይሆናል። ሦስት ሳምንት የተመለከተ ሰው ደግሞ በስልኩ ላይ ከዚያ የተሻለ የሚመለከተው አያጣም።

ልክ ከፈለጋችሁ የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ፤ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ይጠቅማል። መሃል ላይ በጆሮ ቁመት ይዛችሁ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል ከሆነ በቂ ነው። ለጆሮ ጤና የሚሠራበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ 30 ደቂቃ፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የ40 ደቂቃ አምልኮ በ97 ከሆነ የልጆቹን ጆሮ እየጎዳችሁ ነው።

መቀነስ የሚጀመረው ከድራም ነው። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ድራሙ ያለ ማይክም ሁሉን ይሸፍናል፤ ከዚያ ኪቦርዱ እሱን ለመብለጥ ይጮኻል፣ ዘማሪው ኪቦርዱን ለመብለጥ ይጮኻል። ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ትንሹ ድራም) ላይ ቁራጭ ጨርቅ አድርጉ፣ ድራመሩ በቀጭን ዘንግ ይምታ። ቀጥሎ የማይኮቹን ቁጥር ቀንሱ። የተከፈተ ማይክ ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከፉጨት በፊት ያላችሁ አቅም በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ለ60 ሰው አንድ መሪና 3 ተቀባይ ይበቃሉ፤ ማይኩ ከአፍ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ እንጂ ከዚያ አይብለጥ። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት እንጂ ኋላ አይቁሙ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስም ከፍ ይበሉ፤ አለዚያ የፊተኛው መደዳ ሲደነቁር የኋላው አይሰማም። ኤኮውን ለንግግር ሙሉ በሙሉ ዝጉት፤ ግድግዳው የራሱ ኤኮ አለው።

ስፒከሩን ከመስኮት መልሱት፣ በተለይ በመስጊድ በኩል ካለው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጎረቤትም የሚጸልይበት ሰዓት ነው፤ ለጎረቤት ያልተጠነቀቀ አምልኮ ለሰፈሩ ልጅም በሩን ይዘጋበታል።

መብራት ሲጠፋ ወዲያው አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ተመልሶ ሲመጣ በድንገት ስለሚገፋ ስፒከሩን ይበላዋል። ሲከፈት ሚክሰሩ መጀመሪያ፣ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ፤ ሲዘጋ ደግሞ አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ። ጄኔሬተር ካላችሁ ከደጅ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ፤ ኮሪደር ውስጥ ፈጽሞ አይሁን፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ሌላው፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት መዝሙሮች በአንዱ ላይ በየሳምንቱ አንድ አዝማች ሁሉንም ፋደር (የሚክሰሩን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ወደ ታች አውርዱ። የሰው ድምፅ ብቻ ይቅር። መጀመሪያ ሰው ይደነግጣል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ራሱ ይጠብቃታል።

ኪቦርድና ድምፅ

የሚክሰሩ ወንድማችን ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ድምፁ ቢቀነስም ኪዩ (መዝሙሩ የሚዘመርበት የዜማ ከፍታ) ከፍ ካለ አሁንም አይዘምሩም። በካሴትና በዩቲዩብ የሚሰማው መዝሙር ለዘማሪው ጉሮሮ የተቀረጸ ነው። ለጉባኤ ዝቅተኛው ኖታ ኤ፣ ከፍተኛው ዲ ቢሆን ሴቱም ወንዱም በየራሱ ኦክታቭ ይደርሳል። አንዴ ኢ መንካት ይቻላል፤ በየአዝማቹ መመላለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ መዝሙር ስትመርጡ ኪዩን ሳይሆን ከፍተኛውን ኖታ ፈልጉ፤ ኤፍ ሻርፕ ላይ ከደረሰ በ4 ግማሽ ቶን አውርዱት። በመጨረሻው አዝማች ላይ ኪይ ማሳደግ ልማድ ሆኗል፤ ይደምቃል፣ ግን በትክክል በዚያች ቅጽበት ነው ግማሹ ወንድ የሚያቆመው።

አዲስ መዝሙር በወር ከ2 አይብለጥ። አዲሱን መዝሙር ስታስተምሩ፦ ቃሉን መሪው አንዴ ያንብበው፣ አዝማቹን በኪቦርድ ብቻ 2 ጊዜ ይዘምር፣ ሕዝቡ 2 ጊዜ ይድገም፣ ከዚያ ድራም ይግባ። በተከታታይ 3 ቅዳሜ ይደገም፤ በ4ኛው ይረፍ፤ በ5ኛው ሲመለስ የሁሉም ሆኗል። ብዙ መዝሙራችን በትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው፤ ዜማው ላይ ፋ እና ሲ (የስኬሉ 4ኛና 7ኛ ኖታ) የሉበትም። ሲያስተምር ኪቦርዲስቱ እነዚያን ሁለት ኖታዎች ጠቅጥቆ የተወሳሰበ ኮርድ ከመታ ያልሰለጠነ ጆሮ ዜማውን ያጣዋል። በትምህርቱ ሰዓት ቤዝና አንድ የተያዘ ድምፅ ይበቃል። ቅብብል ያለው መዝሙር፣ መሪው ሲል ሕዝቡ የሚመልስበት፣ ለአዲስ ሰው ከሁሉ ይቀላል፤ መልሱ አጭርና የማይለወጥ ስለሆነ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ውስጥ ነው።

ስለ ኳየርም እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ማንም ደፍሮ አያነሳውም። በሳምንት 2 ቀን የሚለማመድ፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሰ፣ አብሮ የሚበላ 20 ሰው ካላችሁ፣ እውነተኛው ማኅበረሰብ እሱ ይሆንና የቀረው 40 ሰው የእሱ ተመልካች ይሆናል። ኳየሩ ጥፋተኛ አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ፍቅር ለሁሉም የሚያስፈልገው ዓይነት ነው። መፍትሔው ኳየሩን ማፍረስ ሳይሆን ሌላ የሚያገናኝ ሥራ መፍጠር ነው፦ ወንበር፣ ሻይ፣ ኬብል፣ የመዝሙር ግጥም በፕሮጀክተር፣ ምንጣፍ፣ ማታ ሰው መሸኘት። እያንዳንዱ ሥራ 2 ሰው፣ አንዱ ነባር አንዱ አዲስ፣ በየ3 ወሩ ይቀያየሩ። የሰው ልብ የሚቀመጠው ቢቀር የሚጎድልበት ቦታ ላይ ነው። የኳየር ልብስም ቢሆን አይሰፋ፤ ለተማሪ ያ ገንዘብ ከባድ ነው፣ እንዳይጠየቅ ሲል ሳይናገር ይቀራል። ሁሉም ያለውን ነጭ ሸሚዝ ይልበስ፣ ሴቶች ነጠላ ይጨምሩበት።

ኦሮምኛ ዝማሬ

አካም ጅርቱ። ቋንቋውን ማንም አላነሳውም። ጅማ ላይ ሙሉ ፕሮግራሙ በአማርኛ ብቻ ከሆነ የማና፣ የሰቃና የሊሙ ልጅ በገዛ አገሩ እንግዳ ይሆናል። ከ5 መዝሙር 2 በኦሮምኛ፣ እንኳን ደህና መጣችሁና መዝጊያ ጸሎት በሁለቱም ቢሆን ይበቃል። አንዱን መዝሙር ስንኝ በስንኝ እየተረጎሙ መዘመር ግን ዜማውን ይሰብረዋል፤ አታድርጉት።

አማርኛ ብቻ የሚያውቁት እንዲዘምሩ ግጥሙን በቁቤም በፊደልም ጻፉ። በፊደል ሲጻፍ ተጠንቀቁ፦ ቁቤ ላይ ድርብ አናባቢ ድምፁ መርዘሙን፣ ድርብ ተነባቢ መጥበቁን ያሳያል፣ በፊደላችን ግን መጥበቅ አይታይም። ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፤ «ለፈ» ምድር ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ ወይም ደካማ ነው። የጌታም ስም «ዋቀዮ» እንጂ «ዋቃዮ» አይደለም፣ ሁለተኛው አናባቢ አጭር ነው፣ «ዮ» ደግሞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉበት። መሪው ከመዘመሩ በፊት ቀስ ብሎ አንዴ ያንብበው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ከተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የደከመችበት አስቴር ጋኖ ደግሞ በሊሙ ኢናሪያ በባርነት የነበረች ልጅ ናት። ሊሙ ዛሬ የጅማ ዞን ነው። ኦሮምኛው እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ ባለቤት እንዲዘመር ይህን ለወጣቶቹ ንገሯቸው።

ከወላይታ መስመር

ለዚህ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ቡድን ከአዲስ አበባ ሲነሳ አሳቡ ጅማ ነበር፤ ሥራው የተጀመረው ግን በወላይታ፣ በሆሳዕናና በሲዳሞ ነው። አሁን የዚያ አገር ልጆች በሥራ ምክንያት ጅማ ገብተዋል። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው መዝሙር ያውቃሉ፣ ከበሮም ይመታሉ። እንግዳ ብቻ አድርጋችሁ አትቁጠሯቸው፤ በወር አንድ ቅዳሜ በወላይትኛ ወይም በዳውርኛ አንድ አዝማች ያስተምሩ፣ አዳራሹ ይከተላቸው። የቀን ሠራተኞች ቅዳሜ 8፡30 ሥራ ላይ ናቸው፤ 10፡00 ላይ ለሚደርስ ሰው ከፊት መደዳ ዳር ወንበር ይቀመጥለት።

የቤት ህብረት

አዳራሹ የሚያስተዋውቅ እንጂ የሚያቆይ አይደለም። የሚያቆየው የቤት ህብረት ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1982 በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ፤ በ1991 በይፋ መሰብሰብ ሲቻል 34,000 ያህል ሆነዋል። መድረክ፣ ማይክ፣ የወል አዳራሽ አልነበረም፤ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ነው ያደጉት።

60 ሰው ካላችሁ 7 ህብረት ነው፣ እያንዳንዱ 8 ወይም 9። ልኩን በቀላሉ ለማስታወስ፦ አንዱ ጀበና በአንድ ዙር ለሁሉም ካልደረሰ ህብረቱ በዝቷል፣ ለሁለት ይከፈል። በጀበና ልክ ሲሆን አቦሉ እስኪወርድ ሁሉም በአንድ ወሬ ላይ ይቆያል፤ 15 ሲሆኑ ሁለት ወሬ ይጀመራል፣ ዝም የሚለው ደግሞ ሁልጊዜ አዲሱ ነው። አከፋፈሉ በሰፈር ይሁን እንጂ በትውልድ አገር አይሁን፦ ጅሬን፣ ሄርማታ፣ ቦሳ፣ ግንጆ፣ ኮቺ፣ እያንዳንዱ ካምፓስ ለብቻ። በእግር 15 ደቂቃ የማይደርሱበት ህብረት በክረምት ይሞታል።

ሰዓቱ 1 ሰዓት ከሩብ፣ አይብለጥ። ቡናው ሲቆላ የሳምንቱ ወሬ፣ አቦል ላይ የክፍሉ ንባብና 2 ጥያቄ፣ ቶና ላይ የጸሎት ርዕስ፣ በረካ ላይ ጸሎት። ጥያቄው ስብከቱን የሚያስደግም አይሁን፤ «ይሄ ክፍል በዚህ ሳምንት ሥራህ ወይም ትምህርትህ ላይ የቱ ጋ ይነካሃል?» ዓይነት ይሁን። የጸሎት ርዕስ በደብተር ከነቀኑ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከእሱ ይጀመር። ያለፈው ሳምንት ጥያቄ ተረስቶ አዲስ ሲጠየቅ ሰው የልቡን መናገር ያቆማል። ቤት የሚሰጠው ሰው በየሳምንቱ አንድ ከሆነ ይደክመዋል፤ ቡናውን በየተራ ያምጡ፣ ቤቱ ይቆይ።

ክትትሉም ሥርዓት ይኑረው። ሰኞ የቅዳሜው ጎረቤት አጭር መልእክት ይላክ። ረቡዕ የሰፈሩ ህብረት መሪ አንዴ ይደውልና ቀኑንና ቤቱን ይንገር። ቅዳሜ ያው ጎረቤት ወንበር ይያዝለት። በተከታታይ 2 ቅዳሜ ከቀረ ሁለት ሆናችሁ ሂዱና ጠይቁት፣ ሴትን ሴቶች፣ ወንድን ወንዶች። በአንድ ሳምንት 4 ሰው የሚደውልለት ልጅ ግን ዕዳ ያለበት ይመስለዋል፤ ስልኩን ያጠፋል።

ግቢ ፌሎ

ስለ ተማሪው አንድ ማስተካከያ። የጠፋ ሁሉ የጠፋ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ማኅበረሰብ ተኮር ስለሆነ ተማሪው በሲቢቲፒና በቲቲፒ (ማኅበረሰብ ውስጥ በሚሰጡ የተግባር ሥልጠናዎች) ለሳምንታት ወደ ወረዳዎች ይወጣል፤ የሕክምናው ደግሞ ቅዳሜ ተረኛ ሆኖ ሆስፒታል ያድራል። ስለዚህ ስም ስትመዘግቡ ዲፓርትመንትና ዓመት ጨምሩ፤ ከእያንዳንዱ ዲፓርትመንት አንድ ተማሪ የመውጫና የፈተና ሳምንቱን ይንገራችሁ። የወጣውን «የት ጠፋህ?» ሳይሆን «የት ወረዳ ደረሰህ? እዚያ የሚያመልኩ ሰዎች አግኝተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከግቢው ፌሎሺፕ («ፌሎ»፣ የተማሪዎቹ የአምልኮ ኅብረት) ጋር አትሻሙ። የልምምድና የጸሎት ቀናቸውን ጠይቁና የእናንተን በሌላ ቀን አድርጉ። ተማሪው እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ረቡዕና ዓርብ ፌሎ፣ ቅዳሜ እናንተ ጋ፣ በመሃል ኳየር ከሆነ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ውጤቱ ይወርድና ከሁሉም ይወጣል። ለአንድ ተማሪ አንድ አገልግሎት ይበቃል። በፈተና ሳምንት ልምምድ ይሰረዝ፣ አዳራሹ ለጥናት ይከፈት፣ ሻዩ ይቀጥል።

ሲመረቅ ዝም ብሎ አይሂድ። ግንቦት ላይ የሚሄድበትን ከተማ ጠይቁ፣ ሰኔ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት መሸኛ ደብዳቤ አስጽፉለት፣ እዚያ ላለ አንድ ሰው አስቀድማችሁ ደውሉ። ደብዳቤ ይዞ ሄዶ የሚቀበለው ሰው ያጣ ብዙ ነው።

ቴሌግራም አድሚን

አጭር ነገር፣ ግን ትልቅ። የቅዳሜውን ፎቶ በቀጥታ ቻናል ላይ አትልቀቁ። ከላይ እህታችን እንዳለችው ቤተሰቡ የማያውቅ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ፎቶ ከቤት ሊያስወጣው ይችላል። መድረኩን ከኋላ ሆናችሁ አንሱ፣ የሰው ፊት ከታየ ባለቤቱን ጠይቁ። የስም መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፣ የታመሙና የተቸገሩ ሰዎች የጸሎት ርዕስ ግሩፕ ላይ አይጻፍ። ማስታወቂያው በቻናል ይሁን፣ ግሩፑ ለወሬ ይቅር፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ማስታወቂያውም አይነበብም።

ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ማንም አገልጋይ ለብቻው በግል መልእክት ሌሊት አያውራቸው፣ ምክር ካስፈለገ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ወላጅም ሰዓቱንና ቦታውን ይወቅ።

የቅዳሜ አስተባባሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ተጠቅመናል። ወንበሩንና ሻዩን ከዚህ ቅዳሜ እንጀምራለን፤ ጋሼም ስለተስማሙ ደስ ብሎናል። አንድ የቀረ ጥያቄ፦ ክረምቱ። አዳራሹ ኮርኒስ የለውም፤ ዝናቡ ሲወርድ ምንም አይሰማም፣ ሰውም ያንን እያሰበ ይቀራል። ኮርኒስ እስኪሠራ ምን እናድርግ?

የሚክሰር ሰው

ከቆርቆሮ ላይ ከሚወርድ ዝናብ ጋር በድምፅ አትወዳደሩ፤ ማይኩን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ፉጨቱ ይመጣል እንጂ ቃሉ አይሰማም። ሁለት ፕሮግራም አዘጋጁ። ዝናቡ ሲጠነክር ሰባኪው ያቁም፣ ወንበሮቹ በ8 በ8 ክብ ይዙሩ፣ የቤት ህብረቱ 2 ጥያቄዎች ከጠዋቱ በወረቀት ተባዝተው ይጠብቁ፤ 8 ወረቀት ይበቃል። ራስ ለራስ ተቀራርቦ የሚያወራ ክብ ውስጥ ዝናቡ እያለም ይሰማማሉ። ሲያባራ ሰባኪው ከቆመበት በ10 ደቂቃ ይቋጨው።

ኮርኒስ ስታስቡ የሽፋኑ ዓይነት ብቻ አይደለም፣ ከቆርቆሮው ጋር ያለው ክፍተት ነው፤ እንጨቱ ከቆርቆሮው ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ንዝረቱን ይዞ ይወርዳል።

ኪቦርድና ድምፅ

ለዝናቡ ደግሞ ያለ ፕሮጀክተርና ያለ መሣሪያ ሁሉም በቃሉ የሚያውቃቸው 5 መዝሙሮች በወረቀት ተጽፈው መሪው ኪስ ውስጥ ይቀመጡ፣ ሁለቱ በኦሮምኛ። ከበሮና ጭብጨባ ዝናቡን ያልፋል። መብራት ሲጠፋም እነዚያው ናቸው።

በር ላይ ያለች

በር ላይ 10 ጃንጥላ አስቀምጡ፣ እጀታቸው ላይ ቁጥር ይጻፍ። ሲጨርሱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ይያዙ፤ ባጃጅ እስኪገኝም አብረው ይቁሙ። የሚመልሰው ሰው ቅዳሜ መምጣት አለበት፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ጃንጥላ ለአዲሱ ልጅ ስጡት።